ሰርቨሩ ሳይደርስ ኮምፒውተሩ ሲደርስ፦ የሊኑክስ የኔትወርክ ማውንት መንገዶች በሚዛን

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቢሮ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ እኩል ይነሳል፦ ራውተሩ፣ ስዊቹ፣ የጋራ ፋይል የሚቀመጥበት ናስ፣ ሊኑክስ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች። እኩል ይነሳል እንጂ እኩል አይደርስም። ኤስኤስዲ ያለው ዴስክቶፕ ፓስወርድ መጠየቂያው ላይ ሲደርስ ናሱ ገና ዲስኮቹን እያስነሳ ነው። ስዊቹ ላይ ስፓኒንግ ትሪ (ዳታ በስዊቾች መካከል ክብ እንዳይዞር የሚጠብቀው ዘዴ) በርቶ ከሆነ ደግሞ ፖርቱ 15 ሰከንድ በማዳመጥ፣ 15 ሰከንድ በመማር፣ በድምሩ 30 ሰከንድ ምንም ዳታ ሳያሳልፍ ይቆያል። የኬብሉ መብራት ግን በርቷልና ኮምፒውተሩ መስመር ያለው ይመስለዋል። የጋራው ፎልደር ማውንት እንዲሆን (ከኮምፒውተሩ ፎልደሮች እንደ አንዱ እንዲያያዝ) የሚሞከረው ልክ በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን መንገድ የመዘንነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሰርቨሩ በሰዓቱ ባይገኝ ምን ይሆናል? ሁሉም ሲሟላማ የትኛውም መንገድ ይሠራል። ትእዛዞቹንና አማራጮቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስቀምጠናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ ሲተየቡ በላቲን ናቸው፣ ነጥቡም ሰረዙም ሳይጓደል።

አስቀድሞ አንድ ተራ ነገር እንለፍ። ለኤንኤፍኤስ (ሊኑክስ ፎልደር በኔትወርክ የሚያጋራበት ዘዴ) በዴቢያንና በኡቡንቱ «ኤንኤፍኤስ-ኮመን»፣ በፌዶራና በሬድሃት «ኤንኤፍኤስ-ዩቲልስ» የሚባለው ፓኬጅ መጫን አለበት። ለዊንዶውስና ለሳምባ ሼር (ዓይነቱ ሲአይኤፍኤስ ይባላል) ደግሞ «ሲአይኤፍኤስ-ዩቲልስ»። እነዚህ ከሌሉ ማውንት «የተሳሳተ አማራጭ» እያለ ሰውን ኤፍኤስታብ (ማውንቶቹ የሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ ስህተት ሲያስፈልግ ያውለዋል፤ የጎደለው ግን ረዳት ፕሮግራሙ ብቻ ነው።

በተለመደው እንጀምር፤ «/ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ» ውስጥ ያለ ተጨማሪ አማራጭ የገባ መስመር። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ሁሉን በየተራው የሚያስነሳው ፕሮግራም) ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይህን ፋይል አንብቦ እያንዳንዱን መስመር ወደ ማውንት ዩኒት፣ ማለትም ራሱ ወደሚያስተዳድረው አንድ ሥራ፣ ይለውጠዋል። ዓይነቱ ኤንኤፍኤስ ወይም ሲአይኤፍኤስ ከሆነ የኔትወርክ መሆኑን ከስሙ ብቻ ያውቃል፦ ከ«ኔትወርክ-ኦንላይን.ታርጌት» (ታርጌት ማለት በቡት ሂደት የሚደረስበት ደረጃ ነው) በኋላ ያሰልፈዋል፣ «ሪሞት-ኤፍኤስ.ታርጌት» ሥርም ያስገባዋል። ስለዚህ በየመድረኩ እንደ መድኃኒት የሚታዘዘው «_ኔትዴቭ» (ይህ መስመር ኔትወርክ ይፈልጋል የሚል ምልክት) ለኤንኤፍኤስ መስመር ብዙም የሚጨምረው ነገር የለም። አይጎዳም፣ ግን ችግሩን አይፈታም።

«_ኔትዴቭ» የግድ የሚሆነው በአይስካዚ (የሩቅ ዲስክን በኔትወርክ በኩል የሚያቀርብ ዘዴ) ነው። በአይስካዚ የመጣ ዲስክ ላይ ያለው ፋይል ሲስተም ኤክስት4 ወይም ኤክስኤፍኤስ ስለሆነ፣ መስመሩን ለሚያነበው ሲስተምዲ ከማሽኑ ውስጥ ዲስክ አይለይም። «ሎካል-ኤፍኤስ.ታርጌት» ሥር ይመድበዋል፣ ዲስኩ እስኪመጣ በተለመደው 90 ሰከንድ ይጠብቃል። ዲስኩ ግን ኔትወርክ ካልተነሳ አይመጣም። ጊዜው ሲያልቅ «ሎካል-ኤፍኤስ» ወደቀ ተብሎ ማሽኑ ወደ ኢመርጀንሲ ሞድ ይገባል፤ ኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) አይነሳም፣ የሩት አካውንቱ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ኪቦርድና ስክሪን ይዘው ቢሄዱ እንኳ ተርሚናል አይሰጥም። ከዚያ መውጫው ከግረብ ሜኑ ላይ የከርነሉ መስመር መጨረሻ «ኢኒት=/ቢን/ባሽ» ጨምሮ መነሳት፣ ሩቱን «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /» ብሎ መክፈትና መስመሩ መጀመሪያ ላይ የሃሽ ምልክት ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ሌላ ከተማ ያለ ዳታ ሴንተር ውስጥ ከሆነ የአንድ ቃል እጦት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማስላት ለአንባቢ ነው። የ«ሪሞት-ኤፍኤስ» መውደቅ ግን ማሽኑን ወደ ኢመርጀንሲ አይከተውም፤ ይህ ልዩነት ብቻውን ቃሏን ለመጻፍ ይበቃል።

ያለ ተጨማሪ አማራጭ የገባውን ባዶ መስመር ከአሥር 4 ሰጥተነዋል። ሰርቨሩ ከሌለ ማሽኑ መጠበቁ አይቀርም፣ ከጠበቀ በኋላም ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ተመልሶ የሚሞክር የለም። እዚህ ላይ የማይታይ የቁጥር ግጭት አለ፦ የኤንኤፍኤስ ማውንት ፕሮግራም ራሱ ለ2 ደቂቃ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ሲስተምዲ ግን በ90ኛው ሰከንድ ይገድለዋል። ናሱ በ100ኛው ሰከንድ ቢደርስ በር ላይ የሚቀበለው የለም ማለት ነው። ሲአይኤፍኤስ ደግሞ የድግግሞሽ አማራጭ ጭራሽ የለውም።

«ኔትወርክ-ኦንላይን» የሚለው ስም ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ይህ ታርጌት በራሱ ምንም አይመረምርም፤ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም «ደርሻለሁ» እስኪል ብቻ ይጠብቃል። ጠባቂው ሰርቪስ ካልበራ ታርጌቱ ወዲያው ያልፋል፣ ጥበቃውም ስም ብቻ ይሆናል። ኔትወርክ ማናጀር ባለበት «ኔትወርክማናጀር-ዌይት-ኦንላይን.ሰርቪስ»፣ ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ ባለበት «ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ-ዌይት-ኦንላይን.ሰርቪስ» በ«ሲስተምሲቲኤል ኢዝ-ኢኔብልድ» ይረጋገጥ።

ሁለቱም የየራሳቸው አመል አላቸው። የኔትወርክዲው ጠባቂ የሚያስተዳድራቸው ካርዶች በሙሉ እስኪገናኙ እስከ 120 ሰከንድ ይጠብቃል። ሁለት የኔትወርክ ወደብ ያለው ሰርቨር አንዱ ላይ ኬብል ካልተሰካበት በተነሳ ቁጥር ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ያረፍዳል። መፍትሔው ለባዶው ካርድ በኔትወርክ ፋይሉ ውስጥ «ሪኳየርድፎርኦንላይን=ኖ» መጻፍ ነው። ሰርቪሱን ጨርሶ ማጥፋት የሚመክሩ አሉ፤ ቡቱ ይፈጥናል፣ ማውንቱ ይወድቃል።

የኔትወርክ ማናጀሩ አመል የበለጠ ይደበቃል። ኔትወርኩ አይፒቪ4ንም አይፒቪ6ንም የሚሰጥ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ እንደተገኘ ግንኙነቱ ተሟላ ይባላል። አይፒቪ6 ቀድሞ ከመጣ ዲኤችሲፒው የ192.168 አድራሻ ሳይሰጥ ታርጌቱ ያልፋል፣ ማውንቱም «ኔትወርኩ አይደረስበትም» ብሎ ይወድቃል። በአምስት ቡት አንዴ እየወደቀ ሰው የሚያሳብድ ማውንት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ» ብሎ የግንኙነቱን ስም ከጻፉ በኋላ «አይፒቪ4.ሜይ-ፌይል ኖ» ማለት ይዘጋዋል።

ዋይፋይም ሌላ ወጥመድ አለው፦ ፓስወርዱ በተጠቃሚው ኪሪንግ ውስጥ ከተቀመጠ ሰው ሎግኢን ሳያደርግ ኔትወርክ የለም። በግንኙነቱ ቅንብር ላይ «ለሁሉም ተጠቃሚ» የሚለው ይመረጥ። የሰርቨሩ ስምም ይታሰብበት። ዲኤንኤሱን የሚያቀርበው ያው ገና እየተነሳ ያለ ራውተር ከሆነ «የስም ትርጉም ለጊዜው አልተሳካም» የሚል መልእክት ጆርናሉ (የሲስተምዲ መዝገብ) ላይ ይገኛል። ለናሱ ቋሚ አይፒ ሰጥቶ «/ኢቲሲ/ሆስትስ» ውስጥ ስሙን መጻፍ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል።

«ኖፌይል» የተጨመረበት መስመር ከባዶው ይሻላል፤ 6 ይገባዋል። ታርጌቱ ማውንቱን መጠበቁን ይተዋል፣ ማሽኑ ያለ እሱ ይነሳል፣ ማውንቱ ከጎን መሞከሩን ይቀጥላል። ነገር ግን ካልተሳካ ያው ባዶ ፎልደር ነው፣ እንዳልተሳካ የሚናገርም የለም።

ኤንኤፍኤስ ብቻ የሚጠቀም ሰው «ቢጂ» የሚለውን የጥንት አማራጭ አይናቀው። ሲስተምዲ ይህን ሲያይ ራሱ «ኖፌይል»ን ይጨምራል፣ የማውንቱን የጊዜ ገደብ ያነሳል፣ ድግግሞሹንም 10000 ደቂቃ ያደርገዋል። 10000 ደቂቃ ለሰባት ቀን ጥቂት የጎደለው ነው፤ ናሱ ከዚህ በላይ ከዘገየ ጉዳዩ የማውንት መሆኑ ቀርቷል። ለሰርቪስ ማሽን፣ ማውንቱ ያለ ማንም ንክኪ ሁልጊዜ እንዲኖር ለሚፈለግበት፣ 7.5።

ከፍተኛውን ነጥብ፣ 9ን፣ የወሰደው «ኤክስ-ሲስተምዲ.አውቶማውንት» ነው። ማሽኑ ሲነሳ ፎልደሩ ላይ ዘበኛ ብቻ ይቆማል፣ ሰርቨሩ አይነካም። ማውንቱ የሚደረገው ሰው ወይም ፕሮግራም ፎልደሩ ውስጥ መጀመሪያ ሲገባ ነው። ቡት ላይ ከሰርቨሩ ጋር የሚደረገው እሽቅድምድም በዚህ ይቀራል፦ ናሱ ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢነሳም ሰው ፎልደሩን ሲከፍት ያገኘዋል፣ ባያገኘው ደግሞ ቀጥሎ ሲከፍት እንደገና ይሞከራል። ለአብዛኛው ቢሮና ቤት የሚበቃው ሙሉ መስመር ይህ ነው፦

192.168.1.20:/ዳታ /ኤምኤንቲ/ዳታ ኤንኤፍኤስ4 ኖአውቶ,_ኔትዴቭ,ኤክስ-ሲስተምዲ.አውቶማውንት,ኤክስ-ሲስተምዲ.ማውንት-ታይምአውት=30,ኤክስ-ሲስተምዲ.አይድል-ታይምአውት=600 0 0

«ኖአውቶ» እዚህ ያለው «ማውንት -ኤ» መስመሩን እንዲዘለው ነው። 30ው ሰከንድ ሰርቨሩ ከሌለ ፋይል ማናጀሩ ደርቆ የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል። 600ው ደግሞ ለ10 ደቂቃ ማንም ካልነካው ማውንቱ ይላቀቅ ማለት ነው፤ ላፕቶፕ ክዳኑ ተዘግቶ ወደ ቤት ሲሄድ ከኋላው ተንጠልጥሎ የቀረ ማውንት እንዳይኖር ይጠቅማል። ቋሚ ሰርቨር ላይ ይህን አማራጭ መተው ይሻላል፣ ካለ ምክንያት ማብራትና ማጥፋት ስለሚሆን። ፎልደሩ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ በቦታው የኋላ ጭረትና 040 ይጻፋል፤ ባዶ ቦታው እንዳለ ከተተወ መስመሩ ይበጣጠሳል።

ፋይሉ ከተነካ በኋላ «ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ»፣ ቀጥሎ «ሲስተምሲቲኤል ስታርት ኤምኤንቲ-ዳታ.አውቶማውንት»። የዩኒቱ ስም ከፎልደሩ መንገድ ይወጣል፣ ጭረቱ ሰረዝ ይሆናል። በፎልደሩ ስም ውስጥ ቀድሞ ሰረዝ ካለ ግን ስሙ መልኩን ይቀይራልና በግምት ከመጻፍ «ሲስተምዲ-ኤስኬፕ -ፒ» ይጠየቅ።

አንድ ነጥብ ያስቀነሰበት ጉዳይ አለ። ሲስተምዲ አንድን ዩኒት በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከጀመረው በኋላ እምቢ ይላል። ሰርቨሩ በፍጥነት የሚመልስ ስህተት ካለው፣ በተለይ በሲአይኤፍኤስ፣ አንድ ፕሮግራም ፎልደሩን በተከታታይ ሲያንኳኳ ገደቡ ያልፋል። ያኔ ማውንቱ ብቻ ሳይሆን ዘበኛው ራሱ ይሞታል፣ ጆርናሉም «ማውንት-ስታርት-ሊሚት-ሂት» ይላል። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ቢመጣም የሚያየው የለም። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ኤምኤንቲ-ዳታ.ማውንት» ብሎ በ«ዩኒት» ክፍል ሥር «ስታርትሊሚትኢንተርቫልሴክ=0» መጻፍ ገደቡን ያነሳዋል። ይህ በነባሪ እንዲህ ባይሆን ደስ ባለን።

ከ«ሶፍት» ጋር የተያያዘውን ምክር ደግሞ በጥንቃቄ ያዙት። የኤንኤፍኤስ ነባሪው «ሃርድ» ነው፦ ሰርቨሩ መሀል ላይ ቢጠፋ ፕሮግራሙ እስኪመለስ ቆሞ ይጠብቃል፣ በፒኤስ ዝርዝር ላይ «ዲ» በሚባል ሁኔታ ይታያል። ይህ ስለሚያበሳጭ «ሶፍት» አድርጉት የሚል ምክር ሞልቷል። «ሶፍት» ግን ጊዜው ሲያልቅ ለፕሮግራሙ ስህተት መልሶ ይሄዳል። ያን ስህተት የማይመረምር ፕሮግራም ግማሹ የተጻፈ ፋይል ትቶ እንደተሳካለት ይቀጥላል። ለማንበብ ብቻ ለሚሆን የፊልምና የአይኤስኦ ክምችት ይሁን፤ የሂሳብ ፋይል ላለበት አይሁን። ማስተካከል ካስፈለገ «ታይምኦ» በሰከንድ አሥረኛ እንደሚቆጠር አይረሳ፦ 600 ማለት 60 ሰከንድ ነው።

የሳምባ ሼር ያላቸው ሰዎች ፓስወርዱን ኤፍኤስታብ ውስጥ አይጻፉት፣ ፋይሉን ማንኛውም ተጠቃሚ ያነበዋል። «ዩዘርኔም=» እና «ፓስወርድ=» የሚሉ ሁለት መስመሮች ያሉት ፋይል በሩት ስም ተቀምጦ በ«ሲኤችሞድ 600» ይቆለፍ፣ መስመሩ ላይ «ክሬደንሻልስ=» ተብሎ ይጠቀስ። «ዩአይዲ=1000,ጂአይዲ=1000» ካልተጨመረ ፎልደሩ የሩት ሆኖ ይመጣና ተጠቃሚው አይጽፍበትም። ኤስኤምቢ1 ብቻ የሚያውቅ ያረጀ ናስ ከከርነል 4.13 ወዲህ በነባሪው አይገናኝም፤ «ቨርስ=1.0» ብሎ ማስገደድ ይቻላል፣ ዕቃውን መቀየር ግን ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ፦ ማውንቱ ላይ የሚሠራ ሰርቪስ። ዳታቤዝ፣ ዶከር ወይም ባክአፕ ማውንቱ ሳይደርስ ከተነሳ ባዶው ፎልደር ውስጥ መጻፍ ይጀምራል። በኋላ ማውንቱ ሲመጣ የተጻፈውን ከላይ ይሸፍነዋል፤ ፋይሉ ጠፋ ይባላል፣ የሩት ዲስኩም ለምን እንደሞላ አይታወቅም። አንድ ርካሽ መከላከያ አለ፦ ማውንቱ ተላቆ እያለ ባዶው ፎልደር ላይ «ሲኤችአትር +አይ» ማለት። ሩት እንኳ ቢሆን ከዚያ በኋላ እዚያ ውስጥ መጻፍ አይችልም፣ ማውንቱ ግን እንደወትሮው ይሠራል። ሌላ ምንም የማታደርጉ ከሆነ ይህችን አድርጉ።

ሰርቪሱን ከማውንቱ ጋር የሚያስረው ይፋዊ መንገድ በሰርቪሱ ዩኒት ውስጥ «ሪኳየርስማውንትስፎር=/ኤምኤንቲ/ዳታ» ነው። ይህ ቅደም ተከተሉን ያስከብራል፣ ግን አንድ ስንጥቅ አለው፦ ማውንቱ ከወደቀ ሰርቪሱ «ጥገኝነቱ አልተሟላም» ተብሎ ሳይጀምር ይቀራል፣ «ሪስታርት=» የሚለው መመሪያም እንዲህ ላለው ውድቀት አይሠራም። ናሱ ሁለት ደቂቃ ስለዘገየ ሰርቪሱ ሰው እስኪመጣ ሞቶ ያድራል። ከአውቶማውንት ጋር የሚሻለው በሰርቪሱ ውስጥ «ኤክሴክስታርትፕሪ=/ዩኤስአር/ቢን/ቴስት -ኢ /ኤምኤንቲ/ዳታ/.አለሁ» ብሎ «ሪስታርት=ኦን-ፌይለር»፣ «ሪስታርትሴክ=30» እና «ስታርትሊሚትኢንተርቫልሴክ=0» መጨመር ነው። «.አለሁ» ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠ ባዶ ፋይል ነው፤ ፋይሉ ከታየ ማውንቱ እውነተኛ ነው፣ ካልታየ ሰርቪሱ በየ30 ሰከንዱ ይሞክራል። በ«ማውንትፖይንት» ትእዛዝ መመርመር እዚህ አይበጅም፤ ዘበኛው ራሱ እንደ ማውንት ስለሚቆጠር ሰርቨሩ በሌለበትም «አለ» ይላል። ማውንቱ በዋየርጋርድ (ቪፒኤን) በኩል የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ «ኤክስ-ሲስተምዲ.ሪኳየርስ=ደብሊውጂ-ኩዊክ@ደብሊውጂ0.ሰርቪስ» መስመሩ ላይ ይግባ።

ኦቶኤፍኤስ የተባለው ከሲስተምዲ በፊት የነበረው ሽማግሌ አሁንም ቦታ አለው፣ ግን በአንድ ሁኔታ፦ ብዙ ተጠቃሚ ያለበት የዩኒቨርሲቲ ላብ ወይም መሥሪያ ቤት። ካርታው ውስጥ ኮከብና አምፐርሳንድ ያለባት አንዲት መስመር የ500 ሰው የቤት ፎልደር ከሰርቨሩ ታመጣለች፣ ኤፍኤስታብ ግን 500 መስመር ይፈልጋል። ካርታው ከኤልዳፕም (የተጠቃሚዎች ማዕከላዊ መዝገብ) ሊነበብ ይችላል። አመሉ፣ ያልተሳካ ማውንትን ለ60 ሰከንድ ያስታውሳል፤ ሰርቨሩ ተመልሶም ተጠቃሚው እስከ አንድ ደቂቃ «የለም» ሊባል ይችላል። ለላብ 8፣ አንድ ናስ ላለው ቤት ግን ካለ ፍላጎት የተጨመረ ሸክም።

«ስሊፕ 30» ብሎ ከዚያ «ማውንት -ኤ» የሚል ስክሪፕት በክሮን «@ሪቡት» ማስቀመጥ 1። ናሱ 31 ሰከንድ የፈጀ ቀን ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ሙከራው ላይ የሚሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሎግኢን አድርጎ «ማውንት -ኤ» ማለትና ሲሠራ ደስ ብሎ መሄድ። በዚያ ሰዓት ኔትወርኩ ከተነሳ ቆይቷል፣ ስለዚህ ስለ ቡት ምንም አልተፈተነም። መጀመሪያ «ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ» የአጻጻፍ ስህተቱን ያውጣ። ቀጥሎ ሦስት ጊዜ ይነሳ፦ አንዴ የኔትወርክ ኬብሉ ተነቅሎ፣ አንዴ ናሱ ጠፍቶ፣ አንዴ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ በእኩል አጥፍቶ በእኩል በማብራት። በእያንዳንዱ «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -ዩ ኤምኤንቲ-ዳታ.ማውንት» የወደቀበትን ምክንያት ያሳያል፣ «ሲስተምዲ-አናላይዝ ክሪቲካል-ቼይን ሪሞት-ኤፍኤስ.ታርጌት» ደግሞ ጊዜውን ማን እንደበላው። ፖርት አልፎ አለማለፉ ካጠራጠረ ኤንኤፍኤስ4 የሚፈልገው 2049ን ብቻ ነው፤ ኤንኤፍኤስ3 ግን 111ንና ሌሎችንም ስለሚጠይቅ ፋየርዎል ላለበት ቤት 4 ይመረጥ። ሳምባ 445 ነው።

ስዊቹ ላይ ስልጣን ያለው ሰው ደግሞ የኮምፒውተሮቹን ፖርቶች ፖርትፋስት (ሳይጠብቁ ወዲያው ዳታ የሚያሳልፉ) ያድርጋቸው፤ ያ 30 ሰከንድ ይወገዳል። ከስዊች ወደ ስዊች የሚሄደውን ፖርት ግን አይንካ።